ሥራ ሲያዝ የሚቆም ብር

ሰላም የዓምዱ አዘጋጅ፣

አንድ ነገር ልቤን አላሳርፍ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 36 ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከፊራ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። እናታችንም ከእኔ ጋር ናት፤ ስኳር አለባት። ታናሽ ወንድሜም ከእኛው ጋር ነው የሚኖረው።

የምጽፍልሽ በእሱ ጉዳይ ነው። 27 ዓመቱ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሦስት ዓመት አለፈው። የመጀመሪያውን ዓመት እውነቱን ለመናገር አልተቀመጠም። አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ፋይል ነበረችው። ማስረጃውን በእሷ ይዞ ጠዋት ይወጣል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያነባል፣ ኮፒ ያስደርጋል፣ ያስገባል። ማንም አልጠራውም። ያኔ ጀርመን ያለችው ታላቃችን አዘነችለትና «ሥራ እስኪያገኝ እኔ አለሁለት» አለች። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየወሩ 18 ሺህ ብር ገደማ ትልክለታለች። ብሩ የሚገባው በእሱ ሒሳብ ነው።

ከዚያ ወዲያ ፋይሏ ፍሪጅ ላይ ወጣች። እስካሁንም እዚያው ናት፤ አቧራዋን የምጠርገው እኔ ነኝ። እሱ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል። ምሳውን ይበላል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጓደኞቹ ጋ በርጫ ነው። ማታ ይመጣና ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያነጋል። ክፉ ልጅ አይደለም። ለእናቴ መድኃኒት ይገዛል፣ ለልጆቼ ሙሸበክ ይዞላቸው ይመጣል። ግን ዓይኔ እያየ ልጁ እየሟሸሸ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛዬ፣ ባለቤቷ የሚሠራበት መጋዘን የዕቃ ሒሳብ የሚይዝ ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ደመወዙ 9 ሺህ ብር ነው። ሮጬ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አቦ ተዪኝ! 9 ሺህ ለማግኘት ብዬ 18 ሺህ ልጣ?» ለእህቴ ደወልኩ። እሷም «ሥራ ከያዘማ አቆማለሁ። እኔም እኮ ሌሊት ሌሊት ሽማግሌ ሳነሳና ስጥል አድሬ ነው የማገኘው» አለችኝ።

በጣም ተናደድኩ። «ቁረጪበት፣ ይራብና ይወቀው» ልላት ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እናቴ ይህን ብትሰማ «ልጄን አትንኩብኝ» ብላ ታለቅሳለች። እሱ ደግሞ ሲሟገት «እሷስ ጀርመን ስትገባ ሁለት ዓመት ሙሉ መንግሥት አይደል እንዴ ያበላት?» ይላል። ለመሆኑ ፈረንጆቹስ እንዲህ ሲሰጡ ሰዉ አይሰንፍም? እኔ ከጠዋት እስከ ማታ መኪናዬ ላይ ጎብጬ እውላለሁ፤ ማንም «አንቺስ?» ብሎኝ አያውቅም። ብሩን እንድታቆም ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

ስሜ ይቆይ፣ ከሳቢያን

*

እህቴ፣

እኔም የድሬ ልጅ ነኝና «እርስዎ» ብዬ አላስጨንቅሽም። እንደ አገራችን ወግ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ስልኩን አንስተሽ መልሰሽ ማስቀመጥሽ ደስ ብሎኛል። ከፍርሃት አልቆጠርኩትም። የሆነ ነገር ጎርብጦሽ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ እኔንም የጎረበጠኝ ነገር አለ። አንድ ይመስለኛል፤ እስኪ አብረን እንየው።

ከዚያ በፊት ግን ስላንቺ አንድ ነገር ልበል። ይህን ሁሉ ስትጽፊ ስለራስሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ። የቤት ኪራዩ፣ የእናትሽ ስኳር፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ባንቺ ትከሻ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጎልማሳ አራት ሰዓት ላይ ሲነሳ እያየሽ ሱቅ ትከፍቺያለሽ። ያናድዳል። ቅናትም ካለበት ይኑርበት፤ አታፍሪበት። እመለስበታለሁ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። ለአምስት ደቂቃ ወንድምሽን ሁኚ። ቤት ከተቀመጥሽ በወር 18 ሺህ ብር አለሽ። መጋዘኑ ከገባሽ 18 ሺው ይቀርና 9 ሺህ ታገኛለሽ። ከሳቢያን ለመመላለስ ባጃጅ አለ፣ ቀን ምሳ አለ። ሲያንስ ሲያንስ 2,500 ብር ትያለሽ። እጅሽ ላይ የሚቀረው 6,500 ነው። ወር ሙሉ ለፍተሽ፣ በድሬ ሙቀት መጋዘን ውስጥ ከረጢት ስትቆጥሪ ከርመሽ፣ ከበፊቱ በ11,500 ብር ትደኸያለሽ ማለት ነው። ትገቢ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ። እኔ እንጃ። በ27 ዓመቴ የምገባ አይመስለኝም።

ስለዚህ «ወንድሜ ሰነፍ ነው» ለማለት አትቸኩይ። ስንፍናው ገና አልተፈተነም። እህትሽ ከፍቅር ያወጣችው ሕግ ነው ሥራን ኪሳራ ያደረገበት። «ሥራ እስኪያገኝ» ስትል ሳታውቀው «ሥራ ካገኘህ እቀጣሃለሁ» ብላዋለች። የጎረበጠኝ ይህ ነው። የብሩ ብዛት አይደለም፤ ሥራ በያዘ ቀን ድንገት ቀጥ ማለቱ ነው።

ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በላይ የምትረዳው ጀርመን ያለችው እህትሽ ናት። ጀርመን ውስጥ መንግሥት የሚደጉመው ሰው ሥራ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ጠይቂያት። ድጎማው እ.ኤ.አ. በ2023 ቡርገርጌልድ ተባለ። በ2024 ለብቻው ለሚኖር ሰው በወር 563 ዩሮ ነበር፤ የቤት ኪራይ ለብቻው ይከፈልለታል። ያ ሰው ትንሽ ሥራ ሲያገኝ የመጀመሪያው 100 ዩሮ አይነካበትም። ከዚያ በላይ፣ እስከ 520 ዩሮ ድረስ፣ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ 100 ዩሮ 80ው ከድጎማው ላይ ይቀነሳል። በእጁ የሚጨመረው 20 ነው። ጆብሴንተር፣ ድጎማውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ የሚመላለስ ሰው «ለ20 ዩሮ ብዬ ነው?» ቢል አትፍረጂበት። እንግሊዞችም ይኸው ነገር አስቸግሯቸው ነበር። ሠራተኛው ካገኘው ከእያንዳንዱ ፓውንድ 63 ሳንቲም ከድጎማው ላይ ይቀንሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ወደ 55 አወረዱት። ሰው ሥራ ሲገባ ትንሽ እንዲተርፈው ብለው ነው።

«ፈረንጆቹ ሲሰጡ ሰዉ አይሰንፍም?» ላልሽው እንዲህ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። የሥራ አጥ ክፍያ የሚሰጥበት ጊዜ ሲረዝም ሰዉ ሥራ ሳይዝ የሚቆይበት ጊዜም በመጠኑ ይረዝማል። ክፍያው ሊያልቅ ሲል ሥራ የሚያገኙት ይበዛሉ። ይህ በብዙ አገር የታየ ነው፤ አልደብቅሽም። ያንቺም ንዴት ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ግን ሌላም አለ። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 አንድ ሙከራ አደረጉ። 2,000 ሥራ አጦችን በዕጣ መረጡና በወር 560 ዩሮ ሰጧቸው። ሥራ ብትይዙም ብሩ አይቀርባችሁም አሏቸው። ያንቺ ወንድም እንዲህ ቢባል ምን ያደርግ ነበር? እዚያ የሆነው ይህ ነው፦ ሰዎቹ አልተኙም። እንዲያውም ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሁለተኛው ዓመት በአማካይ ስድስት ቀን ያህል በልጠው ሠሩ። ስድስት ቀን ብዙ አይደለም፤ ተአምር ነው አልልሽም። ግን ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ በነገ ላይ ያላቸው እምነት ጨመረ። በማደግ ላይ ባሉ አገሮችም ተጠንቷል። ሜክሲኮን፣ ሞሮኮን፣ ኢንዶኔዥያንና ፊሊፒንስን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተካሄዱ ሰባት የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራሞች በአንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ድጋፉ ሰዉን ከሥራ አስወጣ የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም።

ሩቅ ምን አስኬደን፣ እዚሁ ሰፈራችን ልውሰድሽ። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት፣ ችግረኞችን በጽዳትና በመሰለው የአካባቢ ሥራ እያሠራ የሚከፍለው ፕሮግራም፣ በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ገብተው ነበር። ደቻቱ ማዶ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ እዚያ ተመዝግባ ነበር። ገና ሳይነጋ መጥረጊያዋን ይዛ ስትወጣ እሰማታለሁ፤ በር ስትዘጋ ልጆቿ እንዳይነቁ ቀስ ነው የምታደርገው። ከሚከፈላት ላይ ከመቶ 20ው ግዴታ ይቆጠብ ነበር። መጀመሪያ ላይ «ከዚች ላይ ደግሞ ይቆርጡብኛል» ብላ ታማርር ነበር። የሥራ ቀኑ ደግሞ ዓመት በዓመት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሦስት ዓመት ራሷን ችላ እንድትወጣ ነው። በሁለተኛው ዓመት ማታ ማታ በሯ ላይ ሳምቡሳ መጥበስ ጀመረች። አሁንም ትጠብሳለች። ዘይቱ መድረሱን የምታውቀው ቁንጥር ሊጥ ጣል አድርጋ ነው፤ ሊጧ እየተንጫጫች ብቅ ካለች ሳምቡሳውን ትለቃለች፣ ዝም ካለች ትጠብቃለች። አንድ ቀን «ሴፍቲኔቱ ባይቀንስብሽ ኖሮ ትጀምሪው ነበር?» አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ባንዴ ቢያቆሙብኝ ኖሮ መጥበሻውን በምኔ እገዛ ነበር?» አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗን ከዘይቱ አልነቀለችም።

ለዚህ ነው «ይራብና ይወቀው» የሚለው ያልተዋጠልኝ። የራበው ሰው ያገኘውን ይይዛል፤ የሚሆነውን አይመርጥም። በኛ ከተማ ደግሞ ሥራ ለቸገረው ወጣት ማን ቀድሞ እንደሚደርስለት አንቺም ታውቂያለሽ። ዕቃ አሻግርልን፣ ሌሊት መኪና ጠብቅልን የሚሉት አይጠፉም። ቤት ተቀምጦ ከመሟሸሽ የባሰ አለ።

እንግዲህ እኔ የማስበው እንዲህ ነው። እህትሽን «አቁሚበት» አትበያት። «ሕጉን ቀይሪው» በያት። ለምሳሌ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ 3 ብር እሷ 1 ብር ትቀንስ። 9 ሺህ ከተከፈለው 3 ሺህ ትቀንሳለች፣ 15 ሺህ ትልካለች። እሱ እጅ 24 ሺህ ይገባል። የባጃጅና የምሳውን ብታወጪለት እንኳ 21,500 ይተርፈዋል፤ ተቀምጦ ከሚያገኘው ይበልጣል። ደመወዙ ሲያድግ የእሷ ሸክም ይቀላል። የተቀነሰችው 3 ሺህ ወደ እናታችሁ መድኃኒት ብትዞር ደግሞ እሱም ደስ ይለዋል፤ ለእናቱ እንደሚሳሳ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ቁጥሩን እንደ አቅማችሁ ለውጡት። ዋናው፣ ሥራ በገባ ማግሥት እንዳይደኸይ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ምንም አትቀንስበት፤ አዲስ ሥራ ጫማም ሸሚዝም ይፈልጋል።

ለእህትሽም ቢሆን ፍትሐዊ ነው። ሌሊት ሽማግሌ ስታነሳ የምታድር ሰው ብሯ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚያበቃ ማወቅ አለባት። እስከ መቼ እንደምትችል ጠይቂያት። ዓመት ነው? ሁለት ዓመት? ያንን ቀን ወንድምሽ ቀድሞ ይወቀው፤ በኩርፊያ ማግሥት በስልክ የሚነገረው አይሁን።

«ሕጉ ተቀይሮለትም አልሄድም ቢለኝስ?» ትይኝ ይሆናል። ያኔ ነገሩ የብር አይደለም። ያኔም ቢሆን ባንድ ጊዜ አይቆረጥ። በየሁለት ወሩ 3 ሺህ፣ 3 ሺህ እየቀነሰ፣ ቀኑ አስቀድሞ እየተነገረው ይሂድ። በዓመቱ ያልቃል። ይህ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እዚህ የምትደርሱ አይመስለኝም።

አይመስለኝም ያልኩት በፋይሏ ነው። ፍሪጅ ላይ ናት አልሽኝ። አልጣላትም። አንድ ዓመት ሙሉ ማስረጃውን እያስገባ ማንም «ና» ያላለው ልጅ ምን እንደሚሰማው አስበሽው ታውቂያለሽ? በየበሩ ዝም ሲባል የከረመ ሰው መጠየቅ ያስጠላዋል። «18 ሺህ ልጣ?» ማለት «እንደገና እምቢ እንዳልባል ፈራሁ» ከማለት ይቀላል። ወይም ደግሞ ተመርቆ ከረጢት መቁጠር አሳፍሮት ይሆናል። ወይም ሁለቱም። እኔ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድም፤ ጠይቂው።

ስትጠይቂው ሰዓቷን ምረጪ። ከበርጫ መልስ አይሆንም። ምርቃና ላይ ሁሉን ነገር እሺ ይልሻል፤ ጠዋት ሲነሳ ቃሉም የለም። ከምሳ በኋላ ሐራራው ሲነሳም አይሆንም፤ ትጣላላችሁ። እሁድ ጠዋት ፉል አብራችሁ ብሉና፣ ልጆቹ ሲወጡ፣ «የመጨረሻ ጊዜ ማስረጃህን ያስገባህበት ቀን ምን ሆነ?» በይው። ከዚያ ዝም በይ። ቢቆጣም ዝም በይ። ስለ 18 ሺህ አታንሺ፣ ስለ መጋዘኑ አታንሺ። ያን ቀን ብቻ ይንገርሽ። ሰምተሽው ስትጨርሺ ነው ይህን የጻፍሽበትን ወረቀት የምታሳዪው። ተመራቂ አካውንታንት ነው፣ ስሌቱን ካንቺም ከእኔም በላይ ይገባዋል። ያልተስማማውን ራሱ ያስተካክለው። ለእህታችሁም ራሱ ይደውል፤ አንቺ አጠገቡ ሁኚ። ስለ እሱ ከጀርባው ተነጋግራችሁ የወሰናችሁት ከመሰለው ነገሩ ይበላሻል።

«እሷንስ መንግሥት አይደል ያበላት?» ሲልሽ አትከራከሪው። እውነቱን ነው። ይልቅ እሷን ጠይቃት በይው፤ ከዚያ እንዴት እንደወጣች፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ምን እንደነበረ፣ ቋንቋው ሳይገባት ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች። ምናልባት እሷም ነግራው አታውቅም። ውጭ ያሉት እኛን ላለማስጨነቅ ብዙ ነገር ይደብቁናል።

እናትሽን ደግሞ ከሁሉ በፊት አረጋጊያት። የሚቆረጥ ነገር እንደሌለ ከእሱው አፍ ትስማ። ደንበኛሽንም ነገ ዛሬ ሳትይ ጠይቂያት፤ ወር አልፏል፣ ቦታው ተይዞ ሊሆን ይችላል። ተይዞም ከሆነ አትደንግጪ፣ ሕጉ ከተቀየረ ለሚቀጥለውም ይሆናል።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። «ማንም አንቺስ ብሎኝ አያውቅም» አልሽ። እኔ ልጠይቅሽ። አንቺስ? ምን ብታገኚ ጉብጠቱ ይቀልልሽ ነበር? ኦቨርሎክ አለሽ ወይስ ጠርዙን ሌላ ሰው ጋ እየላክሽ ነው የምታስመቺው? በዓል ሲደርስ ሥራ እየመለስሽ ነው? ለእህትሽ ይህን ነግረሻት ታውቂያለሽ? እኔ እንደሚመስለኝ አልነገርሻትም። የምትችዪ ስለመሰልሻት ነው ያልጠየቀችሽ። ስጪኝ ማለት ካፈርሽ ብድር በያት፤ እየሰፋሽ ትከፍያታለሽ።

ለዚያ ደግሞ ሱቅሽ በወር ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልግሻል። ቤትሽ ውስጥ አካውንታንት አለ። መጋዘኑ መልስ እስኪሰጥ ለአንድ ወር ጠዋት ጠዋት ሱቅሽ ይምጣና ሒሳብሽን ይጻፍልሽ፤ ጨርቁን፣ ክሩን፣ ኪራዩን፣ ያልከፈሉሽን ሰዎች ሁሉ። በነጻም አይሁን፣ የምትችዪውን ክፈዪው። የሚይዝበትን ፋይል እንዳትገዢ፤ ፍሪጅ ላይ ያለችውን አውርጂለት።